የቅሬው ሳሞቫር

ከሼህ ሙሄዲን ብርጭቆ ውስጥ የወጣው ነጭ ቅርፊት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነበር። ሼሁ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አወጡት፤ ወደ ድንኳኑ በር አዙረው በብርሃን አዩት፤ ከዚያም ከሰሃኑ ዳር አስቀመጡት። የእማማ ጣይባ ለቅሶ ነበርና የሚስቅ ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን አጎንብሶ የየራሱን ብርጭቆ መመርመር ያዘ።

«የእንቁላል ቅርፊት ነው እንዴ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«የእንቁላል ቢሆንማ አልሐምዱሊላህ!» አለች ሻይ ቀጂዋ እትዬ ዘሀራ። ሹክሹክታ የሚባል ነገር አታውቅም። «ኖራ ነው ወላሂ! ሐዘንተኛውን ከውስጥ ሊለስኑት ነው መሰለኝ።»

ሞላልኝ ከሳሞቫሩ አጠገብ ቆሞ ይህን ሁሉ ይሰማል። ብርጭቆዎቹን ያጠባቸው እሱ ነው፤ ደጋግሞ፣ በገዛ እጁ። ሲደርቁ ግን ሞራ የጋረደው ዓይን ይመስላሉ። የሳሞቫሩ ቧንቧም መቅዳት ትቶ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሰንብቷል፤ እትዬ ዘሀራ አንዲት ብርጭቆ ለመሙላት «ነይ እንግዲህ፣ ነይ የኔ እናት» እያለች ወተት እንደ ከለከለች ላም ስታባብለው ነበር የቆየችው።

ሳሞቫሩ የቅሬው ነው። በዚያ የኮምቦልቻ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ፣ በአንድ ዕድር ነው፤ ዳኛውም አንድ፣ ድንኳኑም አንድ። የተለየው ድስት ብቻ ነው፤ የሥጋ ነገር አለበትና የእስላሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይቀመጣል። ሻይ ግን የሁሉም ነው፤ ሳሞቫሩም እንደዚሁ። ዱሮ ደሴ ከአረብ ሱቅ የተገዛ፣ ሆዱ የሰው እቅፍ የሚሞላ፣ አንገቱ ላይ የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ዕቃ ነው። ይህንንም ድንኳኑንም ወንበሩንም በጓዳው አስቀምጦ ሲጠብቅ የኖረው የሞላልኝ አባት አቶ ገብረ ማርያም ነበር። አምና ሲሞት ቅሬው ዕቃውን አላነሣም። «ልጁ አለ አይደል?» አሉ የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሄዲን፤ በዚያው ጸና።

ያቺ ቃል ለሞላልኝ ትልቅ ነገር ነበረች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤቱ አልመጣለትም። ሥራ የለውም፤ ጓደኛም የለው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንጋጦ ሲያይ ስለሚውል የሰፈሩ ሰው «ደመና ጠባቂው» ይለዋል። በዕድሜው ሰው አምኖ የሰጠው ነገር ቢኖር ያ ጓዳ ነው።

«ጓዶች!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እንየው ከተቀመጠበት ተነሥቶ። ለቅሶ ቤትም ስብሰባ ይመስለዋል። «ይህ የሚያሳየው የአያያዝ ጉድለትን ነው። ስናገር ቆይቻለሁ። የሕዝብ ንብረት መቀመጥ ያለበት በሕዝብ መጋዘን ነው። ቀበሌው መጋዘን አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ተጠሪ አለው።»

ቀበሌ መጋዘን የገባ ድንኳን እንዴት ተብሎ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ማመልከቻ ጻፉ፣ ማኅተም ይመታበት፣ ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሬሳ ደግሞ ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ሼህ ሙሄዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሑድ ቅሬው ይሰበሰባል» አሉ። «ሞላልኝ፣ ልጄ፣ እስከዚያ ዕቃውን አጽድተህ አምጣው። ሻያችንን በሱ እንጠጣለን። ጥሩ ከሆነ ዕቃው ባለበት ይቀመጣል። ካልሆነ ግን ለጓድ እንየው የምመልስበት አፍ የለኝም።»

ሞላልኝ ሳሞቫሩን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ክዳኑን አንሥቶ ወደ ውስጥ አየ። ውስጡ ብረት መሆኑ ቀርቶ ዋሻ ሆኗል፤ ነጭ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ተደራርቦ፣ አንዳንዱ ቦታ እንደ ጡት ተንጠልጥሎ። በአሸዋ ፈተገው፤ አሸዋው ደቀቀ እንጂ ቅርፊቱ ንቅንቅ አላለም። በአመድ ሞከረ፤ እጁ ጠቆረ። በድስት ማጠቢያ ሽቦ ሲፍቅ ዋለና ጣቱ ደማ። በቢላዋ ጫፍ ሊያነሣው ሲታገል ቢላዋው ሸርተት ብሎ ከውጭ ያለውን የወይን ሐረግ ጫረበት። ተናደደ። የቧንቧውን ቀዳዳ ሊከፍት የአባቱን አሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ቢከት ሽቦው እዚያው ተሰብሮ ቀረ፤ እሱን ለማውጣት ሌላ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ዘነዘና አንሥቶ ቂጡን ቢመታው ዕቃው እንደ ደወል ጮኸና ጎደጎደ። ቅርፊቱ ግን ያው።

«አንተ! ቤተ ክርስቲያን ተከልህ እንዴ?» የሚል ድምፅ በአጥሩ ላይ መጣ። ጎረቤቱ እትዬ ገበያነሽ ናት፤ ጠላ ሻጯ። «ከማለዳ ጀምሮ ስትደውል ቅዳሴ ያለ መስሎኝ ነጠላዬን ለብሼ ነበር።»

«ተይኝ እስቲ እትዬ።»

ኦሞ እንዳይፈልግ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ገበያ ወጥቶ ሎሚ ገዛ፤ ቆርጦ ቆርጦ ጨመቀበት። ያን ጊዜ ብቻ አንድ ነገር ሆነ። ቅርፊቱ ላይ ትንንሽ አረፋ ተነሣ፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማ። የኬሚስትሪ መምህሩ ጠመኔ ላይ አሲድ ጠብ ያደረጉበት ቀን ትዝ አለው፤ ያኔም በመስኮት ውጭ ውጭ እያየ ስለነበር ከትምህርቱ የቀረለት ይሄው ሽሽታ ብቻ ነው። ሎሚው አልቆ ሽሽታው ሲቆም የመዳፍ ያህል ቦታ ለስልሷል፤ የተቀረው እንደ ነበረ ነው። ይህን ሁሉ ሆድ በሎሚ ለማዳረስ የገበያውን ሎሚ ሁሉ መግዛት ሊኖርበት ነው።

አቼቶ ቢገኝ! ኮምቦልቻ ሱቆች ውስጥ የለም ተባለ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ የሐረጎን ዳገት እየዞረ እየዞረ ወጥቶ ደሴ ገባ። ፒያሳ ላይ ሱቅ ለሱቅ ዞረ።

«አቼቶ?» አለው አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ፣ ከባዶ መደርደሪያው ሥር ሆኖ። «ጣሊያን ሲወጣ ይዞት ሄደ። ክብሪት ግን አለ። ክብሪት ልስጥህ?»

ብርዱ አጥንቱ ድረስ እየገባ ወደ ሳላይሽ ሰፈር ወጣ፤ እህቱ አትጠገብ ወልዳ እናቱ ወርቅነሽ እዚያ እያረሰቻት ነው። እናቱ ገና ፊቱን ስታይ ሰው የሞተ መሰላት። ነገሩን ሁሉ ዘረዘረላት፤ ኖራውን፣ እትዬ ዘሀራን፣ ጓድ እንየውን፣ ዘነዘናውን።

«በዘነዘና?» አለች እናቱ ራሷን ይዛ። «አባትህ በሻሽ ይይዘው የነበረውን ዕቃ በዘነዘና?»

«እሺ አባዬ በምን ነበር የሚያጸዳው? ምን ይጨምርበት ነበር? የሆነ ነገር መኖር አለበት።»

«ምን ይጨምርበታል? ውሃ ያፈላበታል፣ ይደፋዋል፣ በጨርቅ ወልወል ያደርገዋል፣ አለቀ። ምናባህ ትደርቃለህ?»

ሞላልኝ አላመናትም። የደበቀችው ነገር ያለ እየመሰለው ዓይኑን ሲያንከራትት ከምድጃው ላይ ያለችው ማንቆርቆሪያ ታየችው። አራስ ቤት ስለሆነ ከእሳት ወርዳ አታውቅም። ተነሥቶ ክዳኗን ከፈተ። ውስጧ ጥርት ያለ ነው። ጣቱን ሰዶ ነካካው። ለስላሳ።

«ይቺንስ በምንድን ነው የምታጥቧት?»

«ማን ያጥባታል?» አለች አትጠገብ ከአልጋዋ ላይ። «የምንጭ ውሃ ነው፣ በውሃ ላይ ውሃ እንጨምራለን።»

ሞላልኝ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። አባቱ ሲኖር ለቅሬው ሻይ ውሃው የሚመጣው ከሰፈሩ በላይ ካለው ምንጭ ነበር፤ በአህያ። ሌላ ውሃ ስላልነበረ ነው እንጂ ማንም መርጦ አልነበረም። የአባቱ አርባ በወጣ ሰሞን ቀበሌው በዘመቻ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ፓምፕ ተተከለበት፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ጓድ እንየው ንግግር አደረገ። ጉድጓዱ ከሞላልኝ ደጅ የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢርቅ ነው። አህያዋ ተሸጠች። ከዚያ ወዲህ ሳሞቫሩ ከጉድጓዱ ውሃ ሌላ ቀምሶ አያውቅም።

«ውሃው ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «እማዬ፣ ውሃው ነው! የጉድጓዱ ውሃ ነው እኮ ድንጋይ የሚሠራው!»

እናቱ ተነሥታ በሩን ዘጋች። «ዝም በል!» አለች። «በሞቴ፣ ስለዚያ ጉድጓድ አፍህን እንዳትከፍት። የምርቃቱ ቀን ‹ጨው ጨው ይላል› ያለው ሰውዬ የት እንዳደረ ረሳኸው? ቀበሌ አድሮ ጠዋት ‹ስኳር ስኳር ይላል› ብሎ አይደለም የወጣው?»

ሞላልኝ አልረሳውም። ሐረጎን ሲወርድም ያሰበው ስለዚሁ ነበር። የሰፈሩ ማንቆርቆሪያ ሁሉ ውስጡ ነጭ እንደሆነ አሁን ገባው። እትዬ ዘሀራም ታውቃለች፣ ሼህ ሙሄዲንም ያውቃሉ። ሁሉም እያወቀ ማለት የሚችለው ነገር «ልጁ አያያዝ አይችልም» ብቻ ነው። ውሃውን ማንሣት ካልቻለ የቀረው ነገር ያንን ነጭ ዋሻ መናድ ነው፤ በምን እንደሚንደው ግን አሁንም አያውቅም።

ቤቱ ሲደርስ ሳሞቫሩን በግንባሩ ተደግፎ ቁጭ አለ። እትዬ ገበያነሽ ደግሞ በአጥሩ ብቅ አለች።

«ዛሬ ደወል የለም?»

«አቼቶ አጣሁ።»

«አቼቶ ምንድን ነው?»

«ቆምጣጣ ነገር ነዋ። ቆምጣጣ ነገር ነው የሚያለቅቀው።»

«ቆምጣጣ ፈልገህ ነው ደሴ ድረስ የወጣኸው?» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። «አጥር ላጥር ሆነን! ጋን ሙሉ አተላ አለኝ፣ ኮምጥጦ ኮምጥጦ አሳማ እንኳ ቢያገኘው ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ማንቆርቆሪያዬን በምን የማለቀልቅ ይመስልሃል? ባልዲህን አምጣ።»

ሞላልኝ ባልዲውን ይዞ ሮጠ። አተላውን ሳሞቫሩ ውስጥ እስከ አፉ ገለበጠው፤ ብርጭቆዎቹንም በገበቴ ውስጥ ዘፈዘፋቸው። ጆሮውን ከሳሞቫሩ ሆድ ላይ ለጠፈ። ሽሽሽ። ከውስጥ ሕፃን የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ከማሸነፍ በቀር አንድም ሐሳብ አልመጣበትም። ጠላ የሚጠጣው ማነው፣ የማይጠጣውስ ማነው፣ በዚያ ቀን ቢጠይቁት ኖሮ ራሱ እንኳ ይመልስ ነበር፤ ግን የጠየቀው የለም።

በማግስቱ ሲደፋው ቅርፊቱ እንደ ግድግዳ ልስን በቁራጭ በቁራጭ ወደቀ። ከሥር ብረቱ ወጣ፤ ደብዛዛ፣ ከዚያ በጨርቅ ሲወለውለው ብሩህ። ፊቱን አየበት። ብርጭቆዎቹም ጥርት አሉ። ሁሉንም አለቀለቀና ደረደራቸው፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ደመናውን በሰላም አየ።

እሑድ ቅሬው በሰፈሩ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ሞላልኝ ሳሞቫሩን ታቅፎ ሲመጣ ፀሐይ አረፈችበትና ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

«ማሻአላህ!» አለች እትዬ ዘሀራ። «አብሽር አንተ ልጅ! ሙሽራ አስመሰልከው እኮ።»

ሼህ ሙሄዲን ፈገግ አሉ። ጓድ እንየው ግን ጎርበጥ ያለችውን የዘነዘና ምልክት በጣቱ ሲዳስስ ቆየ። ከሰሉ ተያያዘ፣ ውሃው ፈላ፣ ሻዩ ገባ። እትዬ ዘሀራ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለዳኛው ልትቀዳ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው አንዴ አንቆት፣ አንዴ ተፋና ሻዩን ለቀቀው። ከሻዩ ጋር ግን አንዲት የጠወለገች ቅጠል ወጥታ ብርጭቆው ውስጥ ዋኘች።

እትዬ ዘሀራ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አንድ ጊዜ አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ጌሾ ነው» አለች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹክሹክታ ሆነ። «ያ ረቢ፤ ጌሾ ነው። ሞላልኝ፣ በምንድን ነው ያጠብከው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገባው።

«በአተላ» አለ። «ለማጠቢያ ብቻ ነው እኮ እትዬ፤ ማንም እንዲጠጣው አይደለም...»

ሙስሊሙ ወገን ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ ሳብ አደረገ። «አባትህ» አለች እትዬ ዘሀራ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጣ፣ «አባትህ ጠላ የጠጣ ቀን እጁን ሳይታጠብ የዚህን ዕቃ ጆሮ እንኳ አይነካም ነበር። ምነው ሞላልኝ? ሰው ነህ ስንልህ?»

«እንግዲህ ይኸው!» ጓድ እንየው ተነሣ። «በዕቃው ላይ ጉዳት አድርሷል፣ የብሔረሰቦችንና የሃይማኖቶችን እኩልነት ጥሷል። ዕቃው ዛሬውኑ ወደ መጋዘን ይገባል።»

ሞላልኝ የታገለው ሁሉ፣ አሸዋው፣ ሎሚው፣ ሐረጎ፣ ሁሉም ትዝ አለው። «ጥፋቱ እኮ የሳሞቫሩ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «የኔም አይደለም! መጋዘን ቢገባም ያው ነው የሚሆነው፤ ነገሩ ያለው ከውሃው...»

እትዬ ዘሀራ ከሰሉን ማራገብ አቆመች።

«ውሃው ምን?» አለ ጓድ እንየው ረጋ ብሎ።

ሞላልኝ ዙሪያውን አየ። ቤቱ ነጭ ማንቆርቆሪያ የሌለው አንድ ሰው እዚያ አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ልጁ ደንግጦ ነው» አሉ ሼህ ሙሄዲን። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ጓድ እንየው ይቀመጡ፤ ቅሬ ሲፈርድ ዳኛው አለ። ሞላልኝ፣ ወደ ፊት ና። የቅሬውን የጋራ ዕቃ በአተላ ዘፍዝፈሃል። ይህ ጥፋት የማን ነው?»

ሞላልኝ ቀና ብሎ አያቸው። የሽማግሌው ዓይን እሱን አያይም፤ ከጀርባው ያለውን ዳገት፣ ምንጩ ያለበትን ዳገት ያያል። አባቱ በዚያ ዳገት ከአህያዋ ኋላ ሲወርድ ይታይ የነበረበትን ቦታ።

«የኔ ነው» አለ፤ ቃሉ እንደ አሸዋ አፉ ውስጥ ተንኮሻኮሸ።

«ጥፋተኛ ደግሞ ይቀጣል። ይህ የሃይማኖት ፍርድ አይደለም፤ ለማጥራቱማ ማንኛውም ንጹሕ ውሃ ይበቃ ነበር። ይህ የቅሬ ቅጣት ነው። እንግዲህ ስማ። እዚህ ደጃችን ጥሩ ጉድጓድ አለን፤ ቅርብ ነው፣ ምቹ ነው። አንተ ግን ለዚህ ሳሞቫር ከዚያ እንዳትቀዳ። ምንጩ ድረስ ወጥተህ በጀርባህ ትሸከማለህ። ዛሬ ሽታው እስኪጠፋ ታጥባለህ፤ ከዛሬ ወዲያም ሰው በሞተ ቁጥር የሻዩን ውሃ ከምንጩ ታመጣለህ። መጋዘን ከገባማ ቅጣቱን ማን ይወጣልናል? ስለዚህ ዕቃው ካንተ ዘንድ ይቀመጣል።»

«አይዋ!» አለች እትዬ ዘሀራ ከሁሉ ቀድማ፣ ማራገቢያዋን አንሥታ። «ይበለው! እንዲያውም ዳገቱ አነሰው።»

«ይገባዋል፣ ይገባዋል» አለ ሰው በየአቅጣጫው፣ ከሐዘን ቤት እንደ ወጣ ሰው ፊቱ በርቶ። ጓድ እንየው ጥፋተኛ አይቀጣ ብሎ ሊናገር አይችልም።

ያን ቀን ሞላልኝ ጀሪካን አዝሎ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። ሴቶቹ ፓምፑ ዙሪያ ቆመው «ጎበዝ፣ ቅጣትህን ቶሎ ቶሎ!» እያሉ ይስቁበታል፤ እነሱ አንድ ሁለቴ ፓምፑን ጨቆን አድርገው ይሄዳሉ። እሱ ልክ ነበር። ልክ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ጥፋተኛ ተብሎ፣ ጀርባው ረጥቦ፣ ዝም ብሎ ይወጣል።

ወራት አለፉ። ሳሞቫሩ ውስጡ እንደ ጠራ ነው። አንድ ለቅሶ ላይ ጓድ እንየው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣና አሽከረከረው።

«አያችሁ ጓዶች? ችግሩ የዕቃ አያያዝ ነበር። አንዳንድ ሰዎች በውሃው ሊያመካኙ ፈልገው ነበር» አለና ጠጥቶ ሌላ እንዲቀዳለት ዘረጋ። እትዬ ዘሀራ ብቻ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች።

ሰው ሲበተን ጓድ እንየው ሞላልኝን ክንዱን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደው። ግራና ቀኝ አየ።

«ስማ እስቲ» አለው ዝቅ ብሎ። «የቤቴ ማንቆርቆሪያ አፏ ተደፈነ። ባለቤቴ አላስቀምጥ አለችኝ። ያንን አተላ... ከየት ነበር ያመጣኸው?»

«ከእትዬ ገበያነሽ ነው ጓድ ሊቀመንበር» አለ ሞላልኝ። አላስቻለውምና፣ «አተላው ያለቅቀዋል፤ ግን ይመለሳል። ውሃው...»

«ውሃው ምን?»

ሞላልኝ ጥርሱን ነከሰ።

«ምንም» አለና ባዶውን ጀሪካን አንሥቶ፣ ለማታው ሻይ ዳገቱን ጀመረው።